ስልካችን ሲዘጋ የሚደውልልን ሰው ወዴት ይሄዳል?



እንደሚታወቀው በዚህ በሐርጌሳ ለምንኖር ኢትዮጵያውያን ስደተኞች ስልክ የቅንጦት ዕቃ አይደለም። የቤተሰብ ድምፅ የሚሰማበት፣ በዛድ ገንዘብ የሚገባበት፣ የቀን ሥራ የሚገኝበት፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ የቢሮ ቀጠሮ የሚነገርበት መሣሪያ ነው። ይሁን እንጂ ስልካችን ቀኑን ሙሉ ክፍት ሆኖ አይውልም። ባትሪ ያልቃል። ቤቱ መብራት የሌለው ሰው ስልኩን ሱቅ አስቀምጦ ቻርጅ እስኪሞላ ይጠብቃል። በሰው ቤት የምትሠራ እህት ሥራ ላይ ሳለች ስልኳን እንድታጠፋ ትታዘዛለች። አንድ ስልክ ለሦስትና ለአራት ሰው የሚያገለግልበት ቤትም አለ።

ታዲያ በእነዚያ ሰዓቶች የደወለልን ሰው ወዴት ይሄዳል? ብዙዎች «ስልኬ ከተዘጋ የትም አይሄድም» ብለው ያምናሉ። አንዳንዴ እውነት ነው። አንዳንዴ ግን ጥሪው ወደ ስልክ ኩባንያው የድምፅ ሣጥን፣ አንዳንዴ ወደ ሌላ ድርጅት ሣጥን፣ አንዳንዴም ባለቤቱ ወደረሳው ወይም ጨርሶ ወደማያውቀው ሰው ስልክ ይሄዳል። በዚህ ጽሑፍ ይህ እንዴት እንደሚሆን፣ ከአንዱ ወደ ሌላው እንዴት እንደሚዛወርና እንዴት እንደሚመለስ፣ ምን አደጋ እንዳለበትም ለማስረዳት እንሞክራለን። ኮዶቹ መጀመሪያ ሲታዩ ያስፈራሉ፤ በዛድ ገንዘብ ለመላክ ኮከብና መሰላል መምታት የለመደ ሰው ግን አይቸገርም።

ሣጥኑ ያለው በስልኩ ውስጥ አይደለም

ታላላቆቻችን እንደሚነግሩን በድሮው ስደት ሰው ድምፁን በካሴት ቀርጾ በመንገደኛ እጅ ይልክ ነበር። ካሴቱ ሲደርስ ቤተሰቡ ጎረቤቱ ሁሉ ተሰብስቦ ያዳምጠዋል። በሀብታም አገሮችም በየቤቱ ከስልኩ ጎን የሚቀመጥ፣ ባለቤቱ በሌለበት ጊዜ የደወለውን ሰው ድምፅ በካሴት የሚይዝ መሣሪያ ነበረ። የዚያን ጊዜ መልእክቱ የሚቀመጠው በባለቤቱ ቤት፣ በባለቤቱ ካሴት ላይ ነበር።

ነገሩ የተለወጠው ጎርደን ማቲውስ የተባለ አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1979 በቴክሳስ ባቋቋመው ኩባንያ አማካይነት ድምፅን በኮምፒዩተር የሚያስቀምጥ ሥርዓት ለድርጅቶች መሸጥ በጀመረ ጊዜ ነው። ለዚህ ሥራው በ1983 የፈጠራ መብት ተሰጥቶታል። ከዚያ በኋላ የስልክ ኩባንያዎች ራሳቸው ሣጥኑን በማዕከላቸው ማስቀመጥ ጀመሩ። ዛሬ በእጃችን ያለው ሞባይል እንደ ድሮው መሣሪያ የደዋይን መልእክት በውስጡ አይቀዳም። የሚቀዳው የኩባንያው ኮምፒዩተር ነው። ስልካችን ቢሰበር፣ ቢሰረቅ፣ ውኃ ውስጥ ቢገባ እንኳ በሣጥኑ ያለው መልእክት እዚያው አለ።

ይህን ከተረዳን ቀሪው ቀላል ይሆናል። የስልክ ኩባንያው በመዝገቡ ውስጥ ለእያንዳንዱ ቁጥር አራት ትእዛዞች የሚጻፉበት ቦታ አለው። የመጀመሪያው «ሁሉንም ጥሪ ሁልጊዜ ወደዚህ ላክ» የሚለው ሲሆን መለያው 21 ነው። ሁለተኛው «መስመሩ ከተያዘ ወደዚህ ላክ» ይላል፤ 67 ነው። ሦስተኛው «ጠርቶ ካልተነሣ ወደዚህ ላክ» ነው፤ 61። አራተኛውና ለእኛ ከሁሉ የሚያስፈልገው «ስልኩ ከተዘጋ ወይም ኔትዎርክ ከሌለው ወደዚህ ላክ» የሚለው ነው፤ 62።

በእነዚህ ቦታዎች ላይ የኩባንያው የድምፅ ሣጥን ቁጥር ተጽፎ ከሆነ ደዋዩ «ከድምፁ በኋላ መልእክትዎን ይተዉ» የሚል ቅጂ ይሰማል። የሌላ ድርጅት ሣጥን ቁጥር ከተጻፈ ወደዚያ ይሄዳል። የወንድማችን ስልክ ቁጥር ከተጻፈ ወንድማችን ጋ ይጠራል። ምንም ካልተጻፈ ደግሞ ስልኩ ዝግ መሆኑ ተነግሮት ይቋረጣል። ስለሆነም «የድምፅ ሣጥን መቀየር» ሲባል አዲስ ዕቃ መግዛት ወይም ሲም መለወጥ ማለት ሳይሆን በእነዚህ ቦታዎች የተጻፈውን ቁጥር መለወጥ ማለት ነው።

ደብዳቤን ብናስብ ይገባናል። ቋሚ አድራሻ የሌለው ሰው ደብዳቤው «በእገሌ ሱቅ በኩል» ተብሎ እንዲጻፍለት ያደርጋል። ባለሱቁ ታማኝ ከሆነ መልካም ነው። ሱቁ ከተዘጋ፣ ባለሱቁ ከተማ ከለቀቀ፣ ወይም ደብዳቤ ከፍቶ የሚያነብ ሰው ከሆነ ግን ችግር ነው። በስልክም እንደዚሁ ነው።

በእኛ ዘንድ ሣጥኑ ለምን አልተለመደም?

እውነቱን እንነጋገር ካልን በአገራችንም ሆነ እዚህ የድምፅ ሣጥን እምብዛም አልተለመደም። አንዱ ምክንያት ገንዘብ ነው። ሣጥኑ ከፍቶ ቅጂውን ማሰማት በጀመረበት ቅጽበት ጥሪው እንደተነሣ ስለሚቆጠር ደዋዩ ይከፍላል። እኛ ደግሞ ሚስኮልን ያለ ዋጋ የሚላክ መልእክት አድርገነዋል። አንድ ጊዜ ጠርቶ ማቋረጥ «ደርሻለሁ»፣ ሁለት ጊዜ ደግሞ «ደውልልኝ» ማለት ይሆናል፤ በየቤቱ ስምምነቱ ይለያያል። ቶሎ የሚከፈት የድምፅ ሣጥን ይህን ሚስኮል ይበላዋል።

ሁለተኛው ምክንያት ሌላ መንገድ መገኘቱ ነው። ዋትስአፕ እ.ኤ.አ. በ2013 የድምፅ መልእክት መላክን ከጀመረ ወዲህ ሰዉ ያንን ይዟል። ማንበብና መጻፍ ለማይችሉ እናቶቻችን ትልቅ ጥቅም ሰጥቷል፤ እኛ መምህራን ብንሆንም ይህን አንክድም። ነገር ግን ቢሮዎች፣ ሐኪም ቤቶችና አሠሪዎች ብዙ ጊዜ የሚደውሉት በተራው መስመር ነው። በተራው መስመር የሚመጣ ጥሪ ደግሞ ስልኩ ከተዘጋ ዋትስአፕ ውስጥ አይጠብቀንም።

ስለዚህ እዚህ ሐርጌሳ ከኩባንያ ሣጥን ይልቅ የተለመደው ሦስተኛው መንገድ፣ ማለትም ጥሪን ወደ ዘመድ ወይም ወደ ባለሱቅ ስልክ ማስተላለፍ ነው። የሚያነሣው ሰው ሲሆን ከየትኛውም ሣጥን ይሻላል፤ ይጠይቃል፣ ይጽፋል፣ ሮጦ ይነግራል። የሚከፋውም ሰው ሲሆን ነው።

በውጭ ያሉ ዘመዶቻችን ሣጥን

በሚኒያፖሊስ፣ በዋሽንግተን ወይም በሲያትል ላለ ዘመድ የደወለ ሰው ብዙ ጊዜ የሚያገኘው ሰውን ሳይሆን ሣጥንን ነው። አንዳንድ እናቶች የእንግሊዝኛ ቅጂ ሲሰሙ «ሌላ ሰው አነሣው» ብለው ይዘጋሉ፤ ገንዘቡ ግን ሄዷል። እዚያ አገር ከስልክ ኩባንያው ሣጥን ሌላ የግል ድርጅቶች ሣጥንም አለ። ከታወቁት አንዱ ዩሜይል ነው። ሌላው ጉግል ቮይስ ሲሆን፣ ጉግል ግራንድ ሴንትራል የተባለውን ኩባንያ በ2007 ገዝቶ በ2009 በዚህ ስም ያወጣው ነው። ሰዎች ወደ እነዚህ የሚዛወሩት የተነገረው መልእክት ወደ ጽሑፍ ተለውጦ ስለሚደርሳቸው ወይም የማይፈልጉትን ደዋይ ለመከልከል ስለሚያግዛቸው ነው።

ዘመዳችን ሣጥኑን ሲቀይር ለእኛ አንድ ነገር ይለወጣል፤ የምንሰማው ቅጂ ሌላ ይሆናል። በዚህ ጊዜ «ቁጥሩ ለሌላ ሰው ተሰጥቷል» ብለን መደናገጥ የለብንም። ሌላም መታወቅ ያለበት ነገር፣ ከአንዱ ሣጥን ወደ ሌላው ሲዛወሩ የተቀመጠው መልእክት አብሮ አይዛወርም። ትናንት በኩባንያው ሣጥን የተውነው መልእክት ዘመዳችን አዲሱን ሣጥን ብቻ የሚያይ ከሆነ ሳይሰማ ሊቀር ይችላል። መልስ ከዘገየ «ረሱን» ከማለት በፊት ደግሞ መንገር ይበጃል።

መልእክት ስንተው የ«ጢጥ» ድምፅ እስኪሰማ እንጠብቅ፤ ከዚያ በፊት የተናገርነው አይቀዳም። ከዚያም ስማችንን፣ ቁጥራችንን ከ252 ጀምረን ቀስ ብለን፣ ስልካችን መቼ ክፍት እንደሚሆን እንናገር። ሰላምታውን እናሳጥር፤ የከብቱንና የጎረቤቱን ደኅንነት ለመጠየቅ ሌላ ቀን አለ።

ሰዓት ስንናገር በጣም እንጠንቀቅ። እኛ «ሁለት ሰዓት» የምንለው ጠዋት በሶማሌዎችም በቢሮዎችም አቆጣጠር 8 ሰዓት ነው። እነርሱ 2 ሰዓት ቢሉ ደግሞ በእኛ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ይሆናል። በሣጥን ውስጥ የተቀመጠ ድምፅ ተመልሶ አይጠየቅምና «በፈረንጅ አቆጣጠር» ወይም «በአበሻ አቆጣጠር» ብሎ መጨመር ብዙ ቀጠሮ ያድናል። ሚኒያፖሊስ በበጋቸው ከእኛ 8፣ በክረምታቸው 9 ሰዓት ወደ ኋላ እንደሚቀርም እናስታውስ።

ኮዶቹ እንዴት ይሠራሉ?

ጂ.ኤስ.ኤም. የሚባለው የሞባይል ሥርዓት እ.ኤ.አ. በ1991 በፊንላንድ የመጀመሪያው ጥሪ ከተደረገበት ጊዜ ጀምሮ ወደ ዓለም ተሠራጭቷል። የጥሪ ማስተላለፊያ ኮዶቹም የዚሁ ሥርዓት አካል ስለሆኑ በቴሌሶም፣ በሶምቴልም ሆነ በኢትዮ ቴሌኮም መሠረታቸው አንድ ነው። ኩባንያዎች አንዳንዱን አገልግሎት ሊዘጉ ወይም ሊያስከፍሉበት ስለሚችሉ ግን ኮዱ እምቢ ካለ ኩባንያውን መጠየቅ ነው። በአሜሪካም አንዳንዱ ኩባንያ የራሱ ኮድ አለው፤ ለምሳሌ ቬራይዘን ካልተነሣ ወይም ከተያዘ ወደ ሌላ ለማስተላለፍ *71 ይጠቀማል፣ ለመሰረዝ ደግሞ *73።

ከሁሉ አስቀድሞ መደረግ ያለበት መጠየቅ ነው። *#62# ብለን የመደወያውን ቁልፍ ስንጫን ስልካችን ሲዘጋ ጥሪ ወዴት እንደሚሄድ ያሳየናል። *#61# ሳይነሣ ሲቀር፣ *#67# ሲያዝ፣ *#21# ደግሞ ሁሉም ጥሪ የሚሄድበትን ያሳያል። መጠየቅ ምንም ነገር አይለውጥም፤ ስለዚህ አትፍሩ። የሚታየውን ቁጥር በወረቀት ጻፉት። ይህ ወረቀት የመመለሻ መንገዳችሁ ነው። ብዙ ሰው ሣጥን ከቀየረ በኋላ ወደ ኩባንያው ሣጥን መመለስ የሚያቅተው የድሮውን ቁጥር ሳይጽፍ ስላጠፋው ነው።

አዲስ ቁጥር ለማስገባት ሁለት ኮከብ፣ መለያው፣ ኮከብ፣ የሚቀበለው ቁጥር፣ መሰላል ነው። ስልካችን ሲዘጋ ጥሪው ወደ እኅታችን እንዲሄድ **62*የእኅታችን ቁጥር# እንላለን። ሳይነሣ ሲቀር ምን ያህል እንዲጠራ መወሰንም ይቻላል፤ **61*ቁጥር**30# ካልን 30 ሴኮንድ ይጠብቃል። ሴኮንዱ ከ5 እስከ 30 በአምስት በአምስት ይቆጠራል። ሚስኮል የምንቀበል ሰዎች 30 ብናደርገው ይሻለናል። ሦስቱንም ሁኔታ፣ ማለትም መያዝን፣ አለመነሣትንና መዘጋትን፣ በአንድ ጊዜ ለማስገባት በመለያው ቦታ 004 ይገባል።

ለማጥፋት ሁለት መሰላል እንጠቀማለን። ##62# የመዘጋቱን ብቻ፣ ##004# ሦስቱን፣ ##21# «ሁሉንም ጥሪ» የሚለውን፣ ##002# ደግሞ ያለውን በሙሉ ያጠፋል። እዚህ ላይ ልብ በሉ፤ ##002# ሲባል የኩባንያው የድምፅ ሣጥን ካለም አብሮ ሊጠፋ ይችላል። በአንዳንድ ኩባንያ ሣጥኑ በራሱ ይመለሳል፣ በሌላው ባዶ ሆኖ ይቀራል። ባዶ ከቀረ ቀደም ብለን በወረቀት የጻፍነውን የሣጥን ቁጥር በ**62*ቁጥር# መልሰን እናስገባዋለን።

ብዙ ሰው የማያውቀው አንድ ጥሩ ነገር ደግሞ አለ። አንድ መሰላል ብቻ ተጠቅመን #62# ካልን ትእዛዙ ይተኛል እንጂ አይጠፋም፤ ቁጥሩ በመዝገቡ ይቆያል። በኋላ *62# ስንል ያው ቁጥር እንደገና ይነቃል። በየሳምንቱ ለሥራ ወጥቶ የሚመለስ ሰው ቁጥሩን በየጊዜው ከመጻፍ በዚህ ቢጠቀም ይቀለዋል።

እነዚህን ትእዛዞች የምናስገባው ስልኩ ሳይዘጋ ነው። ከተዘጋ በኋላ ምንም ማድረግ አይቻልም። ሁለት ሲም ያለው ሰው ደግሞ ለእያንዳንዱ ሲም ለየብቻ ማስገባት አለበት። ለብዙ ዓመታት በሶማሌላንድ ከአንዱ ኩባንያ ወደ ሌላው መደወል ስለማይቻል ሁለት ሲም መያዝ ልማድ ሆኖ ቆይቷልና ይህ ብዙዎቻችንን ይመለከታል። ተቀባዩም በተቻለ መጠን የዚያው ኩባንያ ቁጥር ቢሆን ይመረጣል። ካስገባን በኋላ ስልካችንን አጥፍተን በሌላ ስልክ ወደ ራሳችን ደውለን መሞከር ይገባል። ስልኩን በቁልፉ ያጠፋ ሰው ለኔትዎርኩ «ወጥቻለሁ» ብሎ ተሰናብቶ ስለሚወጣ ጥሪው ቶሎ ይተላለፋል። ባትሪው በድንገት ከተነቀለ ግን ኩባንያው ጥቂት ሲፈልገን ይቆያልና ደዋዩ ዝም ያለ መስመር ሊያዳምጥ ይችላል።

ወጪውን በሚመለከት፣ ደዋዩ የሚከፍለው እኛ ጋ እስኪደርስ ላለው ሲሆን ከእኛ ወደ ተቀባዩ ያለውን የሚከፍለው ጥሪውን ያስተላለፈው ሰው፣ ማለትም እኛ ነን። ሂሳባችን ባዶ ከሆነ ጥሪው ላይተላለፍ ይችላል። ወደ ውጭ አገር ቁጥር ማስተላለፍ ደግሞ በዓለም አቀፍ ዋጋ ነው፤ አንመክርም።

የሚተላለፈው የድምፅ ጥሪ ብቻ ነው። አጭር የጽሑፍ መልእክት አይተላለፍም። የዛድ መልእክትም አይተላለፍም። የዋትስአፕ ጥሪም ከዚህ ጋር አይገናኝም። ቀጠሮ በጽሑፍ ከተላከ ስልካችን ሲከፈት እንጂ ለተቀባዩ አይደርስም።

የተረሳ ትእዛዝ

ትእዛዙ የተጻፈው በኩባንያው መዝገብ በቁጥራችን ላይ ስለሆነ ስልክ መቀየር አያጠፋውም። ስልኩን ፎርማት ማድረግም አያጠፋውም። ሲም ጠፍቶ በዚያው ቁጥር ሌላ ሲም ቢወጣም እዚያው ሊጠብቀን ይችላል። «ሁሉንም ጥሪ» የሚለው ሲበራ በብዙ ስልኮች ላይ ከላይ ትንሽ ቀስት ትታያለች፤ ሌሎቹ ሦስቱ ግን ብዙ ጊዜ ምንም ምልክት ስለማይሰጡ በቀላሉ ይረሳሉ።

አንድ የምናውቃቸው የሰፈራችን አባት ለጉልበት ሥራ ወደ በርበራ ሲሄዱ ስልካቸው ሲዘጋ ጥሪው ወደ እኅታቸው ልጅ እንዲሄድ አስደርገው ነበር። ልጁ መልካም ልጅ ነበር። ሁለት ጊዜ የተደወለውን በወረቀት ጽፎ ጠብቆላቸዋል። ከወራት በኋላ ልጁ እንደ ብዙ ጓደኞቹ በቦሳሶ በኩል ባሕር ለመሻገር ሄደና ስልኩ ተዘጋ። ትእዛዙ ግን አልተነሣም። አባታችን ስልካቸው ባትሪ በጨረሰ ቁጥር ጥሪያቸው ከተዘጋ ስልክ ወደ ሌላ የተዘጋ ስልክ ይሄድ ነበር። ከአንድ ቢሮ ስለ ጉዳያቸው በተለያየ ቀን ሦስት ጊዜ ተደውሎ አልተገኙም ተብሎ ተመዘገበ። ቀጠሮውን እንደገና ለማስያዝ ብዙ ወር ፈጀባቸው። ጥፋቱ የልጁም የአባቱም አይደለም፤ *#62# የሚባል ነገር መኖሩን የነገራቸው ሰው አልነበረም።

ስለዚህ ተቀባያችን ከተማ ሲለቅ፣ ቁጥር ሲቀይር ወይም ሲጣላን፣ የዚያኑ ቀን ##62# ብለን እናንሣ። ሲም ከሰው የገዛ ወይም የተሰጠው ሰውም ቀድሞ በነበረው ባለቤት የተጻፈ ትእዛዝ መኖር አለመኖሩን በመጠየቂያው ኮድ ይመልከት።

ሌባው በዚሁ መንገድ ይመጣል

ከዚህ በላይ የጻፍነው ሁሉ ባለቤቱ ፈልጎ የሚያደርገው ነው። አሁን ግን ባለቤቱን አታለው የሚያስደርጉትን እንናገር፤ ይህን ጽሑፍ ለማዘጋጀት ያስገደደንም ይኸው ነው።

አንድ ሰው ይደውላል። «ከርዳታ ክፍል ነው፣ ስምዎ ወጥቷል» ወይም «የአሜሪካ ጉዳይዎ አልፏል» ይላል። ቀጥሎ «ለማረጋገጥ ይህን ቁጥር ይምቱ» ብሎ በ*21* ወይም በ**21* የሚጀምርና በመሰላል የሚያልቅ ኮድ ያስመታል። በመካከሉ ያለው የእርሱ ስልክ ቁጥር ነው። ያን ጊዜ ወደ እኛ የሚመጣው ጥሪ ሁሉ ወደ እርሱ መሄድ ይጀምራል፤ የእኛ ስልክ ግን አይጠራም። ከዚያ ሌባው በራሱ ስልክ ላይ በእኛ ቁጥር ዋትስአፕ ይከፍታል። ዋትስአፕ የማረጋገጫ ቁጥሩን በጽሑፍ ይልካል፤ ጽሑፉ እኛ ጋ ስለሚመጣ ሌባው «ደውሉልኝ» የሚለውን ይመርጣል። ጥሪው እርሱ ጋ ይደርሳል፣ ቁጥሩን ይሰማል፣ ዋትስአፓችንን ይወስዳል። በሚቀጥለው ሰዓት ካናዳ ያለችው እኅታችን «ታምሜአለሁ፣ ገንዘብ በዚህ ስም ላኪልኝ» የሚል መልእክት በእኛ ስም ይደርሳታል።

የድምፅ ሣጥንም ለዚሁ መንገድ ሆኖ ያውቃል። እ.ኤ.አ. በ2018 የእስራኤል መንግሥት የሳይበር መሥሪያ ቤት ባወጣው ማስጠንቀቂያ ሌቦች ባለቤቱ በተኛበት ሌሊት የማረጋገጫ ጥሪ ያስደውሉ ነበር። ስልኩ ስለማይነሣ የማረጋገጫው ቁጥር በሣጥኑ ውስጥ ይቀዳል። ሣጥኑ ደግሞ ሲከፈት የተሰጠውን 0000 ወይም 1234 የመሰለ የሚስጥር ቁጥር እንደያዘ ነውና ሌባው ገብቶ ያዳምጠዋል። በእንግሊዝ አገር ኒውስ ኦቭ ዘ ወርልድ የሚባለው ትልቅ ጋዜጣ በሐምሌ ወር 2011 የተዘጋው ጋዜጠኞቹ የሰዎችን የድምፅ ሣጥን በድብቅ ሲያዳምጡ በመገኘታቸው ነበር። የሚስጥር ቁጥራቸውን ያልቀየሩ ብዙ ነበሩ። የድምፅ ሣጥን ያለው ሰው፣ የኩባንያም ይሁን የሌላ ድርጅት፣ መጀመሪያ የሚስጥር ቁጥሩን ይቀይር። የማይጠቀምበት ከሆነ ያስዘጋው።

በዋትስአፕ ላይም እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ ተጨማሪ ባለ ስድስት አኃዝ የሚስጥር ቁጥር ማድረግ ይቻላል። በሴቲንግ ውስጥ አካውንት፣ ከዚያ ቱ ስቴፕ ቬሪፊኬሽን የሚለውን መክፈት ነው። ይህ ያለው ሰው ጥሪው ቢሰረቅበት እንኳ ሌባው በቀላሉ አይገባም። የትውልድ ዓመታችሁን አታድርጉት፤ የስደተኛ መታወቂያችን ፎቶ በስንት ሰው ስልክ እንደሚገኝ እናውቃለን።

የተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ከፍተኛ ኮሚሽን አገልግሎቱ በሙሉ በነፃ ነው። ስማችን እንዲወጣ ኮድ መምታትም ሆነ በስልክ የደረሰንን የማረጋገጫ ቁጥር ለሰው መንገር አያስፈልግም። «ይህን ምታ» የሚለን ማንም ቢሆን፣ በአማርኛ ቢናገር፣ በኦሮምኛ ወይም በሶማሊኛ፣ ስማችንን ከነአባታችን ቢያውቅም፣ ኮዱ ውስጥ የስልክ ቁጥር የሚመስል ካለ አንመታም። በተለይ አዛውንቶችና ልጆች ስልክ ሲያነሡ ይህ ተደጋግሞ ይነገራቸው።

ቀድሞ የመታ ሰው ቢኖር አይደንግጥ። ወዲያውኑ ##21# ቀጥሎም ##002# ይምታ፤ ከዚያ በ*#21# ጠይቆ መጥፋቱን ያረጋግጥ። ዋትስአፑ ተወስዶ ከሆነ በስልኩ ላይ እንደገና በቁጥሩ ይመዝገብ፤ እርሱ ሲገባ ሌባው ይወጣል። ሌባው የራሱን የሚስጥር ቁጥር አድርጎበት ከሆነ ግን ሰባት ቀን መጠበቅ ሊያስፈልግ ይችላል። በዚያ ጊዜ ውስጥ ለዘመዶች ሁሉ በሌላ ሰው ስልክ ደውሎ በራስ ድምፅ ማስታወቅ ነው፤ በጽሑፍ ቢነገራቸው ማን እንደጻፈው በምን ያውቃሉ?

የቢሮ ጉዳይ ያላችሁ ደግሞ በምዝገባችሁ ላይ ሁለተኛ ቁጥር አስጽፉ። ከማስተላለፍ ይልቅ ይህ ይሻላል እንላለን፤ ምክንያቱም ቢሮው ራሱ አንዱ ቢዘጋ ሌላውን ይሞክራል፣ ጽሑፍም ቢልክ ለሁለቱም መላክ ይችላል። ሁለተኛው ቁጥር ከተማ የማይለቅ፣ ስልኩን ቶሎ የማይቀይር ሰው ይሁን። ቁጥራችሁን ከቀየራችሁም በአካል ሄዳችሁ አስለውጡ።

መጠየቂያና ማጥፊያ ኮዶቹን በትልልቅ ጽሑፍ በአማርኛና በኦሮምኛ ጽፈን በማታው ትምህርት ክፍል በር ላይ ለጥፈናል። ማንበብ የማይችል ሰው ያላችሁ አብራችሁት ኑ፤ ስልኩን ግን እርሱ ራሱ ይዞ፣ እርሱ ራሱ ይምታ።